«ኮፊ» የመጣው ከከፋ ነው? አንድ የቡና ከረጢት ያስነሳው ጣጣ

ነገሩ እንዴት ተነሳ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ትንሽ ካፌ ያላት አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። ቡናውን እዚያው ትቆላለች። እየመዘነች የምትሸጥላቸው፣ ወደ ቤት ይዘው የሚሄዱ ደንበኞችም አፍርታለች። ያን ጊዜ ድረስ የምትሸጠው ምንም ባልተጻፈበት የወረቀት ከረጢት ነበር። አንድ ቀን ግን «የራሴ ከረጢት ይኑረኝ» ብላ ተነሳች። ከፊቱ የጀበና ሥዕል፣ ከጀርባው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጭር ጽሑፍ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ዓለም ኮፊ ብሎ የሚጠራው ስም የተወሰደው ከኢትዮጵያዋ ከፋ ነው።»

ይህን ሳይሰማ ያደገ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እኔ የሰማሁት ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ከፋ፣ ካፌ፣ ኮፊ ብለው በጠመኔ ጽፈው በቀስት ሲያገናኙት አሁንም ይታየኛል። ማን ይጠራጠራል? ጆሮ ላይ እኮ ልክ ይመጣል።

ልጅቱ ረቂቁን አትማ ባንኮኒው አጠገብ ለጠፈችው፣ ደንበኛ አስተያየት ይስጥ ብላ። ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንድ የመናዊ አዛውንት አነበቡትና ሳቅ አሉ። «ዛፉ የእናንተ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ቃሉ ግን የእኛ ነው። በዓረብኛ ቀህዋ ነው» አሏት። አጎቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ሰሙ። ጋሼ (ከዚህ በኋላ እንዲሁ ልጥራቸው) ነገር የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም። «ሊናኤስ የተባለው የዕፅዋት ስም አውጪ ዛፉን አረቢካ ብሎ ወሰደብን፣ አሁን ደግሞ ስሙንም ልታስረክቢ ነው?» ብለው ተነሱ።

ማታ ደወለችልኝ። ትርጉምና እርማት ስለምሠራ ነው። «ማተሚያ ቤቱ እስከ ዓርብ ነው የሚጠብቀኝ። ትክክል ከሆነ ትክክል ነው በለኝ፣ ካልሆነም ምን ልጻፍ?» አለች። ቀኑ ሰኞ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበትና ያልሠራው መንገድ

እንደማንኛውም ሰው ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። «ኮፊ የሚለው ቃል ከከፋ መጣ» የሚል ገጽ በሽ ነው። የቡና ሻጮች፣ አስጎብኚዎች፣ ጋዜጦች፣ ሁሉም ይሉታል። ግማሽ ሌሊት አነበብኩና አንድ ነገር ገባኝ። ሁሉም የሚገለባበጡት አንዱ ከሌላው ነው፤ አንዳንዱ ጋ ዓረፍተ ነገሩ እንኳ አልተቀየረም። ማን፣ መቼ፣ የት እንደጻፈው የሚል አንድም የለም። ሃምሳ ገጽ ቢሆን ምስክርነቱ ያው አንድ ነው።

ቀጥዬ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ትልቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጉዳዩን አንስቶት ነበር። ከከፋ ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አሉ፣ ነገር ግን ማስረጃ የለም ይላል። የሚገርመው ምክንያቱ ነው። ቀህዋ የመጠጡ ስም እንጂ የፍሬውም የዛፉም ስም አይደለም፣ ፍሬው ቡን ነው የሚባለው፣ ሸዋም ውስጥ ስሙ ቡን ነው ብሎ ሸዋን ይጠራል! ይህን ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። «እንግሊዝ ምን ያውቃል» አሉና ዘጉት። አልተቀየምኩም። ባለሥልጣን ጠቅሶ ሰውን ዝም ማሰኘትና ማሳመን ለየቅል ናቸው።

አንድ የስልክ ጥሪ

ማክሰኞ ነው ነገሩ የዞረው። የከፋ ዋና ከተማ በሆነችው ቦንጋ ተወልዶ ያደገ የሩቅ ወዳጅ ነበረኝና ደወልኩለት። ጥያቄዬ አንድ ነበር። «ቡናን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?»

«ቡኖ» አለኝ።

በቃ። የከፋን ሕዝብ ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖን፣ የሚናገረው ራሱ ቡናን ከፋ አይለውም። ከፋ ያገሩና የሕዝቡ ስም ነው። አማርኛው ቡና፣ ኦሮምኛው ቡና፣ ትግርኛው ቡን፣ የከፋው ቡኖ። ታዲያ የውጭ ነጋዴ እህሉን ከገበያ ሲገዛ ሻጩ የሚጠራበትን ስም ትቶ ያገሩን ስም ለመጠጡ የሰጠው በምን ምክንያት ነው? አይሆንም ማለት አይደለም። በየመን ወደብ በሙኻ ስም «ሞካ» የተባለ ቡና አለና ይሆናል። ግን ማሳየት ያስፈልጋል። ሞካ ላይ መርከቡም፣ ወደቡም፣ ንግዱም ተመዝግቦ አለ። ከፋ ላይስ?

ቃሉን በዓመተ ምሕረት መደርደር

ከዚህ በኋላ የሠራሁት አሰልቺ ሥራ ነው፣ ውጤት ያመጣው ግን እሱ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉ በጽሑፍ የታየባቸውን ዓመታት ከአሮጌው ወደ አዲሱ መደርደር ጀመርኩ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ከእንግሊዝ በፊት ጀርመናዊው ሐኪም ራውቮልፍ አለ። በ1573 ሶርያ ውስጥ ሐለብ ነበር፤ መጽሐፉ በ1582 ታተመ። ስለ ቡና አውሮፓ ውስጥ ከታተሙት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። ሰዎች ጠዋት ጠዋት በሸክላ ሲኒ ትኩስ አድርገው የሚጠጡት እንደ ቀለም የጠቆረ ነገር አለ ይልና፣ መጠጡን «ቻውቤ» ፍሬውን «ቡኑ» ይለዋል። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሥራ ላይ! ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ ብል ማጋነን አይደለም።

እንግሊዝኛ ውስጥ በ1598 ይመጣል። ሊንስኮተን የተባለው የሆላንድ ተጓዥ መጽሐፍ ሲተረጎም፣ የቱርኮች መጠጥ ስም «ቻኦና» ተብሎ ታተመ። ይህ እንኳ የማተሚያ ስህተት ነው፤ የላቲኗ «ዩ» ተገልብጣ «ኤን» ሆናለች። ትክክሉ «ቻኡዋ»፣ ማለትም ካዋ የሚመስል ነገር ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ «ፍ» የሚባል ድምፅ ሽታውም የለም።

በ1609 የታተመው የቄስ ቢዱልፍ ደብዳቤ ደግሞ ይበልጣል። ሐለብ የነበሩት እንግሊዛዊ ቄስ እዚያ ያለው ሰው አዘውትሮ የሚጠጣው «ኮፋ» ይባላል፣ የሚሠራውም «ኮአቫ» ከሚባል አተር መሳይ ፍሬ ነው ብለው ጻፉ። ፍሬውን ከመጠጡ አምታተውታል። ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሮጌው ድምፅና አዲሱ ድምፅ አብረው ተቀምጠዋል። ቃሉን ልብስ ሲቀይር በር ከፍተህ እንደማየት ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በ1627 በወጣው መጽሐፉ አሁንም «ኮፋ» ይላል፣ የቱርክ መጠጥ ነው እያለ። በ1652 ፓስኳ ሮዜ የተባለ፣ አንድ ነጋዴ ከሰምርኔስ (የዛሬዋ የቱርክ ኢዝሚር) ይዞት የመጣ አገልጋይ፣ ለንደን ኮርንሂል ውስጥ የከተማዋን የመጀመሪያ ቡና መጠጫ ቤት ከፈተ። ለማስታወቂያ ባሳተመው ወረቀት ላይ ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን «ኮፊ»ን ይመስላል። ወረቀቱ ሌላም ነገር ይላል፦ ይህ ፍሬ የሚበቅለው በዓረብ በረሃዎች ብቻ ነው። እንግዲህ የለንደን የመጀመሪያው የቡና ማስታወቂያም ምንጩ ላይ ተሳስቷል። ይህን ለልጅቱ ስነግራት «ተመስገን፣ ብቻዬን አይደለሁም» ብላ ሳቀች።

የ«ፍ» ነገር

ረድፉን ጨርሼ ሳየው ነገሩ ቁልጭ አለ። ዓረቡ ቀህዋ ይላል። ቱርኩ «ው»ን ወደ «ቭ» ያዞርና ካህቬ ይላል። ጣሊያን «ህ»ዋን ይውጥና ካፌ ይላል። ሆላንዱ ኮፊ። እንግሊዝ ከቱርክ ይሁን ከጣሊያን ወይም ከሆላንድ የወሰደው፣ አጥኚዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ምናልባትም ከሦስቱም። «ፍ» የገባችው ግን ከቱርክ ወዲያ ማዶ፣ አውሮፓ ውስጥ ነው።

ያ ማለት፣ እኛን ያሳሳተን መመሳሰል የተፈጠረው ቃሉ ከከፋ በጣም ርቆ ከሄደ በኋላ ነው። ከፋ አጠገብ ያለው የቃሉ መልክ ቀህዋ ነው፣ ከከፋ ጋር አይመሳሰልም። የሚመሳሰለው ለንደንና አምስተርዳም የደረሰው ነው። ዓረብ «ፋ» የሚል ፊደል አለው። ከፋ የሚለውን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ከፋ ብሎ መጻፍ አያቅተውም ነበር፤ «ፍ»ን አውጥቶ «ህው» የሚያስገባበት ምንም ምክንያት የለም።

ጋሼን ያንገዳገዳቸው ይኼ ነው። ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ ቀህዋስ ራሱ ከየት መጣ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ቀህዋ ከቡና በፊት

ቀህዋ በዓረብኛ ከቡና ይቀድማል። በጥንታዊ ግጥሞች ውስጥ የወይን ጠጅ ስም ነው። የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ከምግብ ፍላጎት መዘጋት ጋር ያያይዙታል፤ የጠጣው ሰው መብል አያሰኘውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች (የእስልምና መንፈሳውያን) ሌሊቱን በዚክር፣ ማለትም ፈጣሪን በማወደስ፣ ለማንጋት አዲስ መጠጥ ሲጀምሩ ይህ አሮጌ ስም ተሸጋገረለት።

የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ቡና የጻፈው አል-ጀዚሪ እንደሚያወራው፣ ቀህዋ የሚባለው ሁልጊዜ ከቡና የተፈላው ብቻ አልነበረም። የጫት ቅጠል ቀህዋም ነበረ። ከፍሬው ገለባ የሚፈላም አለ፤ የመኖች ቂሽር፣ እኛ ገሸር የምንለው። ስለዚህ ቀህዋ የአፈላሉና የሚሰጠው መንፈስ ስም ነው እንጂ የአንድ ተክል ስም አይደለም። ከጫት የተፈላውንም ቀህዋ የሚል ሰው ስሙን ከከፋ ቡና አገኘው ማለት አያስኬድም።

ያው አል-ጀዚሪ ግን ለእኛም ድርሻ አስቀምጧል። በየመን ቡናን አስለመደ የሚባለው አል-ዘብሐኒ የተባለ የዐደን ሊቅ ነው። ሰውዬው ባሕሩን ተሻግሮ ወደ አፍሪካው ዳርቻ መጥቶ ሳለ ሰዎች ሲጠቀሙበት አይቶ ነበር፤ አገሩ ተመልሶ ሲታመም ትዝ አለውና ጠጣው፣ ተሻለውም። እንግዲህ ልማዱም ከዚህ ወገን ነው የሄደው። ፍሬውን ዓረብ ቡን የሚለው ከየት ሰምቶ ነው ለሚለው፣ ዛፉ ካለበት አገር ስሙም ከዛፉ ጋር ተሻገረ ማለት ለእኔ ሚዛን ይደፋል።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ ሲኒ ይዘን ቡናን የጥንት መታወቂያችን ስናደርግ፣ ክርስቲያኑ ሐበሻ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ «የእስላም መጠጥ» እያለ ይሸሸው እንደነበር እንረሳለን። ከፋም ብትሆን እስከ 1897 ድረስ የራሷ ንጉሥ ያላት አገር ነበረች። «የኢትዮጵያዋ ከፋ» ብለን ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ስንልካት ትንሽ ቸኩለናል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ረቡዕ ማታ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ላክሁላት። መጥፎ ነበር። «ኮፊ የሚለው ቃል ከከፋ አልመጣም» ብሎ ይጀምራል። ልጅቱ አነበበችና «ከረጢቴ ላይ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው እንዴ?» አለች። ልክ ነበረች። ቡና የሚገዛ ሰው ያልጠየቀውን ስህተት ማረም ምን ይጠቅመዋል።

በመሃል ራሷ አንድ ማምለጫ አመጣች። እንግሊዝኛው «ቢን»፣ የቡና ፍሬ የሚሉት፣ ከኛ ቡን የመጣ ነው የሚል ነገር አንብባለች። ከፋን ካጣን ቢያንስ ቢንን እናግኝ ነው ነገሩ። ልቤም ፈለገው። ነገር ግን «ቢን» እንግሊዝ ቡና የሚባል ነገር ከማየቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባቄላን የሚጠራበት የራሱ ቃል ነው፤ ጀርመኑም ቦነ ይለዋል። ዓመተ ምሕረት መደርደሩ ይህን በአምስት ደቂቃ ጣለው። ከፋን በዚሁ መንገድ ጥለን ቢንን ብናነሳ ያስተዛዝባል።

ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለውን የእረኛውን የካልዲን ታሪክም አየነው። ከረጢቱ ላይ «በ9ኛው ክፍለ ዘመን» የሚል ተጽፎበት ነበር። በጽሑፍ የሚታወቀው ቀደምት መልኩ ግን ኒሮን የተባለ ማሮናዊ (የሊባኖስ ክርስቲያን) ሊቅ በ1671 ሮም ያሳተመው ነው፤ እዚያም እረኛው ስም የለውም። ዘመኑን አወጣን፣ ፍየሎቹን ተውናቸው። ተረት ተረት ነው እስከተባለ ድረስ ማንንም አይጎዳም።

ሐሙስ ማታ የጸደቀው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«መጠጡን ዓለም ኮፊ የሚለው ቀህዋ ከሚለው ዓረብኛ ነው፤ ቃሉ በቱርክ አድርጎ አውሮፓ ገባ። ዛፉ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጅ ነው። እኛ ፍሬውን ቡና እንለዋለን፤ ከፋ ቡኖ፣ ዓረብም ቡን ይለዋል።»

የሠራው ለምንድነው ብዬ አስቤበታለሁ። አንዱን ስንወስድባቸው ሌላ እውነተኛ ነገር ሰጠናቸው። ለጋሼ ቡን የሚለው ከከፋ የተሻለ ድርሻ ነው። ዓረብኛ ውስጥ ቡኒ የሚባለው ቀለም እንኳ ከዚሁ ከቡን የወጣ ነው፤ እኛ ቡናማ እንደምንለው መሆኑ ነው። ከፋም ከከረጢቱ አልወጣችም። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ክብሯ በእንግሊዝኛ ቃል ላይ አልተንጠለጠለም።

ለሌላ ቃል የሚሆን

ሌላ ቃል ለማጣራት የሚነሳ ሰው ካለ፣ እኔ ሦስት ቀን ካባከንኩበት ይማር። መመሳሰልን በመጨረሻ አምጡት። ሁለት ቃል ስለተመሳሰሉ ዝምድና አላቸው ማለት አይደለም፤ መመሳሰሉ የተፈጠረው መቼና የት እንደሆነ ካላወቃችሁ ምንም አላወቃችሁም። የዛሬውን መልክ ሳይሆን የመጀመሪያውን መልክ አነጻጽሩ። እኔ «ኮፊ»ን ከ«ከፋ» ጋር ሳነጻጽር የዘመናት መንገድ ዘልዬ ነበር።

የተባለውን ብዛት አትቁጠሩ፣ የታየበትን ዓመት ቁጠሩ። ቃሉ ተወሰደበት ከተባለው ሕዝብም አንድ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። ይህ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የዘገየሁበት ነው፤ የቦንጋው ወዳጄን ሰኞ ማታ ብደውልለት ኖሮ ማክሰኞን በሙሉ አተርፍ ነበር። የዕቃው ምንጭና የቃሉ ምንጭም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሚጣላው፤ እዚያ ባንኮኒ አጠገብም የሆነው ይኸው ነው፣ የመናዊው ስለ ቃል ሲያወሩ ጋሼ ስለ ዛፍ ይመልሳሉ።

በተለይ ደግሞ መልሱ ደስ የሚለን ሲሆን እጥፍ እንፈትሽ። ከፋን ለመጣል ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ቢንን ለመጣል አምስት ደቂቃ። ማስረጃው ስለከበደ አይመስለኝም። ከፋን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወደው ነው።

ከዚያ በኋላ

ከረጢቱ ዓርብ ማተሚያ ቤት ገባ። የመናዊው አዛውንት አዲሱን አንብበው «አሁን ጥሩ» ብለው አንድ ገዙ። ጋሼ ባሉበት ግን ነገሩ አላለቀም። ባለፈው ስሄድ አንዲት አሜሪካዊት ባንኮኒው ጋ ቆማ ከረጢቱን ታገላብጣለች፣ እሳቸው ደግሞ ከጀርባዋ ጽሑፉን በጣታቸው እያሳዩ «እሱን ተዪው፣ እኔ ልንገርሽ» ይሏታል፣ በእንግሊዝኛ። ልጅቱ አየችኝና ሲኒ አቀበለችኝ።